ቆማ የምትበላ እናት

«መጻፍ ማለት ይሄ ነው፤» አለ የእህቱ ባል ከግድግዳው ወዲያ። «እንደ ውኃ ነው እኮ የሚወርደው። የኛ ሰውዬ ስንት ወር ሙሉ እሳቸው እግር ሥር ተቀምጦ ሲተይብ ከረመ፤ ምነው ትንሽ እንኳ ቢጋባበት?»

ደራሲው አንድ እግሩን ካልሲ አልብሶ፣ ሌላውን ካልሲ በእጁ እንደያዘ አልጋው ላይ ቀረ። ግድግዳው ግድግዳ መባሉ ለክብሩ ነው እንጂ ኮምፔንሳቶ ነው፤ እህቱ ሳሎኗን ለሁለት ከፍላ ለእሱና ለአባታቸው መኝታ ያወጣች ጊዜ የተመታ። ከወዲያ በኩል የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ይሰማል፤ ገጽ ሲገለጥ ይሰማል፤ አባቱ ሲያነቡ በአፍንጫቸው የምትወጣው ቀጭን ፉጨት ሳትቀር ትሰማለች። የሚያነቡት መጽሐፍ «ከጠጠር እስከ ፎቅ» ይባላል፤ የአንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ የሕይወት ታሪክ ነው። የእህቱ ባል በነጋዴው መጋዘን ዕቃ ተቆጣጣሪ በመሆኑ፣ ትናንት ለሠራተኛው ሁሉ ሲታደል ለእሱም ደርሶታል። ዋጋው ከደመወዝ እንደሚቆረጥ የተነገራቸው ተቀብለው ካጨበጨቡ በኋላ ነው። እሱ ግን ቅር አላለውም። ማታውኑ በላስቲክ ሸፍኖ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ከልጆቹ ፎቶግራፍ ጎን አቆመው።

ቴሌቪዥኑ ደግሞ የቆመው በደራሲው ልቦለድ ላይ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያለ የሌለውን አሟጦ ያሳተመው መጽሐፍ፣ ሻጮቹ «ሲሸጥ እንከፍልሃለን» ብለው ወስደው «አልሸጥ አለ» ብለው ከመለሱለት ወዲህ፣ በሁለት ካርቶን ታሽጎ የእህቱን ቴሌቪዥን ተሸክሞ ይኖራል። እህቱ በላዩ ጥልፍ ጨርቅ አልብሳዋለች። እንግዳ ሲመጣ «ቆንጆ ጠረጴዛ ነው» ይላል፤ እሷም «የወንድሜ ሥራ ነው» ትላለች፤ ውሸትም አይደል።

ስለ ነጋዴው መጽሐፍ ቤተሰቡ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነጋዴው ተናገረ፣ እሱ ተየበ። «አለቃችን የሚተይብ ሰው ይፈልጋሉ» ብሎ ሥራውን ያገናኘው አማቹ ራሱ ነው። ደራሲው የሚፈለገው ታይፒስት አለመሆኑን የተረዳው ቢሮው በገባበት ቀን ነበር። ነጋዴው ሰፊ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ «እኔ ሥራ እንጂ ወሬ አላውቅም፤ አንተ አሳምረው» አለው። ስምምነታቸው አጭር ነበር። ስሙ የትም ቦታ አይጻፍም፤ አፉንም ለማንም አይከፍትም። በምላሹ ከወር ክፍያው ሌላ፣ ነጋዴው ሁለተኛውን ልቦለዱን በራሱ ወጪ ያሳትምለታል። እናም ዛሬ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከነጋዴው አፍ እንዳለ የተወሰደ ነገር ቢኖር፣ የሲሚንቶ ዋጋ በየዓመቱ እንዴት እንደናረ የሚተነትነው ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ አማቹ «እንደ ውኃ ይወርዳል» ያለው ጭምር፣ ከዚህ ከኮምፔንሳቶው ክፍል የፈለቀ ነው።

ካልሲውን እንደያዘ ያስቀረው ግን የአማቹ ነገር አልነበረም። ይህንን ለምዶታል። ያስፈራው የገጹ መገለጥ ነው። አባቱ ገና የእናት ምዕራፍ ላይ አልደረሱም።

ነጋዴው ስለ እናቱ ሲጠየቅ «ደህና ሴት ነበረች» ብሎ ያቆም ነበር። ምን ትወድ ነበር? «እንጃ፤ ቤት ነበረች።» ደራሲው ከዚህች «ደህና ሴት» ምዕራፍ ሊያወጣ ደጋግሞ ሞከረ፤ ነጋዴው ደጋግሞ መለሰለት። «አያስለቅስም፤» ይለዋል ወረቀቱን በጣቱ እየገፋ። «እናት እኮ ናት። እናት ካላስለቀሰች ምን ታደርግልኛለች?» ማተሚያ ቤቱ ቀን ቆርጦ ሲያጣድፍ፣ አንድ ዝናባማ ቀን ደራሲው የገዛ እናቱን አንስቶ እዚያ ውስጥ አስቀመጣት። አስቦበት አይደለም፤ እጁ ሄደበት። በአንድ ቁጭታ ጨረሰው፤ በሕይወቱ ከጻፈው ሁሉ የተሻለ መሆኑንም ሲጨርሰው አወቀ፤ አለቀሰም። ነጋዴው አንብቦ ወረቀቱን አልገፋውም። ከዚያ «አዎ፣» አለ፤ «እንዲህ ነበረች።» የቀየረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የደራሲው እናት ልብስ ስትተኩስ ልጇ ተረት እንዲያነብላት ትወድ ነበር፤ ሰንፎ ገጽ ከዘለለባት፣ ፊደል ያልቆጠረችዋ ሴት፣ «ቆይ፣ ሰውዬው ወንዙን መቼ ተሻገረ?» ትለዋለች። ነጋዴው ይህንን አስወጣና «ቁጥር ትወድ ነበር በልልኝ» አለ። ደራሲውም አለለት።

ወደ ሳሎኑ ሲወጣ እህቱ ሻይ ቀድታ ሰጠችው። አባቱ በክር የታሰረ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ የስፌት መኪናቸውን ከሸጡ ወዲህ ማንበብ ለምደዋል፤ ሲያነቡም ጨርቅ ከመርፌው ሥር እንደሚገፋ ሰው ቃሉን በጣታቸው እየተከተሉ ነው።

«ይሄ ሰውዬ ብልህ ነው፤» አሉት። «ቃል አያባክንም። ይለካና ይቆርጠዋል።»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ሲናገርም እንዲህ ነው?»

ደራሲው የሌለ ስኳር አማሰለ። «እንዲሁ ነው።»

አባቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ብሏቸዋል። ልቦለዱን በሰጣቸው ጊዜ ሽፋኑን ዳብሰው «ወረቀቱ ጥሩ ነው» ከማለት በቀር የተናገሩት ነገር አልነበረም። ዛሬ፣ ልጃቸው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ጽሑፉን አመሰገኑለት፤ ምስጋናው ግን በፊቱ አልፎ ሌላ ሰው ቤት ገባ። የእህቱ ባል የጥሪ ካርድ ከፍ አድርጎ አሳየ። የመጽሐፉ ምረቃ ከሰዓት በኋላ በትልቁ ሆቴል ነው፤ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ተጋብዟል። አባባም ይሄዳሉ። ደራሲው ብርጭቆውን አስቀመጠና አባባ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው፣ ሆቴሉ ደረጃ እንደሚበዛው፣ ንግግሩም እንደሚረዝም አስረዳ። አማቹ ሊፍት አለው አለ። እህቱ በልብስ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ የተጠራጠረችውን የብር ኖት ወደ መብራት አንስታ እንደምታየው ወንድሟን አየችው።

«አባዬ እንዳይሄዱ የምትፈልገው ለምንድን ነው?»

«እኔ ለምን እፈልጋለሁ?»

«እንጃ። አንተ ታውቃለህ።»

አባቱ መጽሐፉን ዘጉት። «የሰው ደስታ ላይ መገኘት አይከፋም፤» አሉ። «የቀረውን እዚያ ሲነበብ እሰማዋለሁ፤ ዓይኔም ይረፍ።» ከዚያም ጃኬታቸውን እንድታወጣላቸው ልጃቸውን ጠየቁ። ዓመት ሙሉ ያልለበሱት ግራጫው ጃኬት ነው፤ ራሳቸው የሰፉት። እህትየው ከቁም ሳጥኑ አውጥታ አራገፈችላቸው፤ ደራሲውም መጽሐፉ በመዘጋቱ እፎይ ሊል ሲጀምር፣ «እዚያ ሲነበብ» የምትለዋ ቃል ዘግይታ ገባችው። የሚነበበው ምዕራፍ የትኛው እንደሆነ ያውቃል።

ቀድሞ መሄድ ነበረበት። የነጋዴውን ንግግር የጻፈውም እሱ ነው፤ የቢሮው ጸሐፊ ደውላ «ጋሽዬ ረዘመብኝ ብለዋል፤ መጥተህ አሳጥረው» ብላዋለች። ታክሲው ሰው እስኪሞላ ብዙ ቆመ። ሆቴሉ ሲደርስ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ጫማውን አይቶ በየትኛው በር መግባት እንዳለበት አመለከተው፤ በኩሽናው በኩል ገባ። አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው በጀርባቸው እንደ ሙሽራ ሚዜ ሪባን ታስሮላቸዋል። በመድረኩ ላይ ነጋዴው የግንበኛ ቆብ አድርጎ የሚታይበት ሰውን ሦስት የሚያህል ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከፎቶግራፉ ሥር መጽሐፎቹን እንደ ጡብ ደርድረው ፎቅ ሠርተውባቸዋል። ደራሲው ጠምቶት ውኃ ጠየቀ፤ የአንዲቱ ጠርሙስ ዋጋ የእህቱን ቤት የሁለት ቀን ዳቦ እንደሚገዛ ሲሰማ ጥሙ ራሱ ተወው። ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ንግግሩን አሳጠረ። «ትሑት ሆኜ» የሚለውን ሁለት ቦታ አወጣው፤ አንድ ቦታ ተወው።

ከመድረኩ ጀርባ አንዲት ተዋናይ የምታነበውን የእናት ምዕራፍ ትለማመድ ነበር። በአንድ ወቅት ቴአትር ቤት ንግሥት ሆና ስትጫወት ቆሞ አጨብጭቦላት ያውቃል። አሁን ኑሮዋ የምረቃና የሠርግ መድረክ ነው። ጫማዋን አውልቃ፣ በባዶ እግሯ ምንጣፉ ላይ እየተንጎራደደች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ደራሲው ጠጋ ብሎ ሌላ ምዕራፍ ቢነበብ እንዴት እንደሚሆን ጠየቃት፤ የመጀመሪያው ሱቅ የተከፈተበት ለምሳሌ።

«ቆርቆሮ ቤት ተከፈተ ብዬ ማንን ላስለቅስ?» አለችው። ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ አየችው። «አንተ ነህ አይደል የጻፍከው?»

«እኔ ታይፒስት ነኝ።»

«ይሁን።» ወረቀቱን በጣቷ መታ አደረገች። «ብዙ ጊዜ የሚሰጡኝ ነገር አፍ ውስጥ አሸዋ ነው። ይሄኛው ይተነፍሳል። ልቀይረው ብል ደግሞ ያባርሩኛል፤ የዚህን ወር የቤት ኪራይ የምጠብቀው ከዚሁ ነው። ምን ሆነህ ነው?»

ደራሲው ምንም እንዳልሆነ ነገራት። እሷም ሌላ አልጠየቀችውም፤ የቤት ኪራይ የሚጠብቅ ሰው ሌላውን ብዙ አይጠይቅም።

ቤተሰቡ መጥቶ በሠራተኞች ረድፍ፣ ከኋላ ሲቀመጥ አየ። አባቱ ከእህቱና ከአማቹ መካከል ናቸው፤ ሁለቱንም እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ ፎቶግራፍ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለዋል። ደራሲው አጠገባቸው አልሄደም፤ አንድ ምሶሶ ተደግፎ ቆመ። ንግግር ተደረገ። ከዩኒቨርሲቲ የተጋበዘ መምህር ስለ ደራሲው ቋንቋ ጥራት ብዙ አወራ፤ ደራሲው ሲል ነጋዴውን እያየ ነው። ነጋዴው በትሕትና አቀረቀረ። ከዚያ መብራቱ ደብዘዝ አለና ተዋናይቷ ወጣች። በባዶ እግሯ እንዳልነበረች ሁሉ ረዝማለች።

«እናቴ ቆማ ነበር የምትበላው፤» ብላ ጀመረች። «እኛ ተቀምጠን፣ እሷ ምድጃው አጠገብ ቆማ። ‹ምነው አትቀመጪም?› ስንላት፣ ‹ቆሜ ስበላ ቶሎ እጠግባለሁ› ትለን ነበር። እኛም ልጆች ነንና አመንናት። ሰው ቆሞ ሲበላ ቶሎ ይጠግባል ብዬ ለጓደኞቼ ሳይቀር አስተምሬያለሁ። ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን ብቻዬን ቆሜ በላሁ። አልጠገብኩም።»

ደራሲው ዓይኑን ከአባቱ ላይ ሊያነሳ ፈልጎ አልቻለም። አባቱ መጀመሪያ ላይ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ነበር፤ እንደማንኛውም አድማጭ። «ቆሜ ስበላ» የምትለዋ ስትደርስ አንገታቸው ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከኋላ በስማቸው የተጠሩ ይመስል። ተዋናይቷ ቀጠለች፤ እናትየዋ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበረች፣ ከሥራ ስትመለስ እጇ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፣ ልጇን ከመንካቷ በፊት ሁለቱንም እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ፣ እንደታሰረ ሰው ቆማ፣ እስኪሞቁ ትጠብቅ ነበር። እዚህ ላይ እህቱ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። አማቹ እያለቀሰ ነው፤ ሚስቱም እንደ እሱ የተነካች መስሎት ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት። የፊቱ ረድፍ መሐረብ አወጣ። ነጋዴውም አለቀሰ፤ ማስመሰል አልነበረም፤ እውነተኛ እንባ ነበር፣ ለማያውቃት ሴት። ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። አባቱም ተነሱ። አላጨበጨቡም፤ ሰው ሲነሳ መቀመጥ ነውር ስለሆነ ነው የተነሱት።

መስተንግዶው ሲጀመር እህቱ በመጸዳጃ ቤቱ ኮሪደር አገኘችው። ፊቷን ታጥባለች፤ የጸጉሯ ዳር እርጥብ ነው። ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው።

«እጇን ብብቷ ውስጥ የምታሞቀው ለእኔ ነበር። ቅዝቃዜው እያስደነገጠኝ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። አንተ ያኔ አልተወለድክም።»

«አውቃለሁ።»

«ከየት ታውቃለህ? እኔ ነኝ የነገርኩህ። የሞተች ሰሞን፣ ኩሽና ውስጥ፣ ማንም ሳይኖር። ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም። ዛሬ ከሰው ሰምቶ አጠገቤ ተቀምጦ አለቀሰ።»

ደራሲው ግድግዳውን አየ። አንዲት አስተናጋጅ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ በመካከላቸው ስታልፍ ሁለቱም ጥግ ይዘው አሳለፏት። ተራ በተራ ሊነግራት የሚችላቸው ነገሮች ነበሩ፤ የማተሚያ ቤቱ ጥድፊያ፣ የነጋዴው «አያስለቅስም»፣ በእህት ቤት የሚበላ ዳቦ እየጎረሱ ስለ ክብር ማሰብ እንዴት እንደሚከብድ።

«ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አለችው።

«ብጠይቅሽ ትሰጪኝ ነበር?»

አሰበችበት። «አልሰጥህም ነበር፤» አለች። ከዚያም ጸጉሯን አስተካክላ፣ «እሱ እንዳይሰማ። ደሙ ፈልቶ አለቃው ፊት አንድ ነገር ቢናገር እንጀራችን ነው የሚቋረጠው፤» ብላ ጥላው ገባች።

ነጋዴው በሰው ተከቦ ነበር፤ ደራሲውን ሲያይ ግን በጣቱ ጠርቶ ትከሻውን አቀፈው። እንባው ደርቆ ፊቱ ሕፃን መስሏል። ደራሲው የዓመቱን ድፍረት ሁሉ ሰብስቦ ስለ ልቦለዱ አነሳ። «አልረሳሁትም፤» አለ ነጋዴው፣ «ወረቀት እንዴት እንደተወደደ አንተም ታውቃለህ። ትንሽ እንየው። ይልቅ አንድ ሰው ላስተዋውቅህ።» አጠገቡ የቆመው አጭር ወፍራም ሰው የአውቶቡስ ድርጅት ባለቤት ነው። የደራሲውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አልለቅ አለ። እሱም የሕይወት ታሪኩን ማሳተም ይፈልጋል፤ ከነጋዴው ይልቅ በደንብ እንደሚከፍል በነጋዴው ፊት ተናገረ፤ ሁለቱም ሳቁ።

«እኔን ያሳደገኝ አባቴ ነው፤» አለ የአውቶቡሱ ባለቤት። «እናት አላውቅም። አባቴ ደግሞ ዝምተኛ ነበር፤ ብዙ የሚነገር ነገር የለውም። አንተ ግን ታውቅበታለህ አሉ። እንደ እኚያ እናት ሰው የሚያስለቅስ አባት አድርግልኝ።»

ደራሲው «አስብበታለሁ» አለ። አማቹ ከኋላ ደርሶ የመጨረሻውን ቃል ሰምቶ ኖሮ በደስታ ሊሰምጥ ምንም አልቀረው፤ «የት ይሄዳል፣ ጌታዬ፤ ሰኞ ይዤው እመጣለሁ፤» አለ። በዚያች ደቂቃ ነው ደራሲው አባቱን ያያቸው። ነጋዴው ለፊርማ ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ሰልፍ ይዘዋል፤ በላስቲክ የተሸፈነውን መጽሐፍ በሁለት እጃቸው ይዘው። ነጋዴው ሄዶ ተቀመጠ። ሰልፉ እያጠረ ሲመጣ ደራሲው ሊሮጥ፣ ሊያስቆማቸው አሰበ፤ ካለበት ግን አልተነቃነቀም። አባቱ ደርሰው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ነጋዴው አልሰማቸው ይሆናል፤ ጆሮውን አስጠጋ፤ ደገሙለት። ፈገግ ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ እጃቸውን ጨበጠ። አባቱ ባርኔጣቸውን አንስተው አመስግነው ሄዱ። ሌላ ነገር አልሆነም።

በታክሲው ውስጥ ያወራው አማቹ ብቻ ነበር። ስለ ኬኩ ቁመት አወራ፤ ስለ መምህሩ ንግግር አወራ፤ የአውቶቡሱ ባለቤት ስለ አባቱ ማጻፍ እንደሚፈልግ፣ ሥራውም ለታይፒስታችን እንደተሰጠ፣ እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው እያለ አወራ። እህቱ በመስኮት ትመለከታለች። አባቱ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ከድነውታል፤ ንፋስ እንደሚወስደው ነገር። ቤት ሲደርሱ አማቹ ወሬውን ለጎረቤት ሊያደርስ ወጣ፤ እህቱ ኩሽና ገባች፤ ልጆቹ ቴሌቪዥን ከፈቱ። ደራሲውና አባቱ በኮምፔንሳቶው ክፍል በየአልጋቸው ጫፍ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አይቀረውም።

አባቱ መጽሐፉን ከፍተው ዘረጉለት። በመጀመሪያው ነጭ ገጽ ላይ በነጋዴው የተጣመመ የእጅ ጽሑፍ የእናቱ ስም ተጽፏል፤ ሙሉ ስሟ፣ ከነአባቷ። ከሥሩ «ከእናቴ ሕይወት ብዙ እንደሚማሩ ተስፋ አደርጋለሁ» ይላል፤ ከዚያ ፊርማ።

«ለማን ብዬ ልፈርም ሲለኝ ለባለቤቴ አልኩት፤» አሉ። «በአንዱ ላይ እንኳ ስሟ ይግባ ብዬ ነው።»

«አባዬ...»

«ቆይ።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ደራሲው ይመርጥ ነበር። «‹እኛም ልጆች ነንና አመንናት› ብለሃል። እናንተስ ልጆች ናችሁ። እኔ ልጅ አልነበርኩም። ከእናንተ ጋር ተቀምጬ ነበር የምበላው።»

ደራሲው ይህንን ሲጽፍ አላሰበውም ነበር። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ አባት የለም፤ የነጋዴው አባት ቀድሞ የሞተ በመሆኑ ማዕዱ ላይ የሚቀመጥ አባት አላስፈለገውም። ከወዲያ በኩል የልጆቹ ሳቅ ተሰማ። አባቱ ጃኬታቸውን አወለቁ፣ ልብስ ሰፊ እንደሚያደርገው ገልብጠው በገበሩ አጠፉት፣ ከዚያም አውራ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ ቀስ አድርገው ያስኬዱት ጀመር፤ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው።

«እኔም ለስንቱ ሙሽራ ሱፍ ሰፍቻለሁ፤» አሉ። «ማንም ስሜን አልጻፈበትም፤ ቅርም ብሎኝ አያውቅ። ሥራ ነው። ግን የሰፋሁት በጨርቃቸው ነበር።»

«ሌላ ጨርቅ አልነበረኝም፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ።» አባቱ ጃኬቱን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። «የአውቶቡሱን ሰውዬ እሺ አልከው?»

«ገና አልመለስኩለትም።»

«እሺ ትለዋለህ፤» አሉ አባቱ፤ ጥያቄም ትእዛዝም አልነበረም። «መኖር አለብህ። ዕድሜ ልክህን እህትህ ቤት አትኖር።»

ደራሲው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ ሆኖም ዓይኑ አውራ ጣታቸው ላይ ነበር። ጣቱ ስፌቱን ተከትሎ ወርዶ አንድ የላላ ቦታ ሲደርስ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ዳግም እዚያው ቆመ። ያቺን የላላች ቦታ ዓይናቸው ሊያያት አይችልም፤ ጣታቸው ግን አገኛት። ጥፍራቸው ላይ ከዓመታት በፊት መርፌ ወግቶ ያስቀራት ጥቁር ነጥብ አለች። ደራሲው ሳይፈልግ፣ እንቢ እያለም፣ ዓረፍተ ነገሩ ውስጡ ሲጀምር ተሰማው፤ አባቴ በጣቱ ነበር የሚያየው...

አባቱ ቀና አሉ።

«ምን ታየኛለህ?»

«ምንም፣ አባዬ።»

ትንሽ ጊዜ ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ጃኬቱን አጣጥፈው ትራሳቸው ሥር አደረጉ፣ ሁለቱንም እጆቻቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ገና አልመሸም ነበር።